የእማማ ወርቄ ቅባት እና ስሙ የማይጠራው እንስሳ

ሰው ስለ ልቡ ማውራት ይወዳል። ልቤ ተሰበረ፣ ልቤ ቆረጠ፣ ልቤን አወለቀው ይላል። ሆዱም ወሬ አላጣም፤ ሆዴ ባባ፣ ሆዴ ፈራ፣ ሆድ ይፍጀው ሲባል ይዋላል። እንግዲህ ልብም ሆድም ተደብቀው የሚኖሩ ናቸው፣ ደጅ ወጥተው ሰላም ብለውን አያውቁም። ከጠዋት እስከ ማታ የምናየውን፣ የምናጥበውን፣ የምንቀባባውን፣ ትንኝ ስትነክሰው በጥፊ የምናጮለውን ቆዳችንን ግን ውለታውን የሚያነሳለት የለም። ስሙ የሚነሳው ሰው ሲከሳ ብቻ ነው። ያኔም "ቆዳና አጥንቱ ቀረ" ይባላል እንጂ ለብቻው ማዕረግ አይሰጠውም።

በግ ሲታረድ ልብ በሉ። ምላስና ሰንበር፣ ጨጓራና ጉበት፣ ሁሉም ባለቤት አለው፤ ለጭንቅላቱ እንኳ የሚከራከር አይጠፋም። ቆዳው አጥር ላይ ይወረወራል። ድሮ ቆዳ ሰብሳቢው በየበሩ እየጮኸ ያልፍ ነበር፣ አሁን እኛ ነን "ኧረ እባክህ ውሰድልን" እያልን የምንጮኽበት። እኛ አዳማዎች ደግሞ ስለ ቆዳ አናውቅም ለማለት አፍ የለንም። ከአዲስ አበባ ስንመለስ ሞጆ ላይ ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ሳይነጋገር መስኮት የሚዘጋው ለምን ይመስላችኋል? ያገር ቆዳ እዚያ ነው ጫማ ለመሆን የሚሰለፈው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ስምጥ ሸለቆ እንዴት እንደተሰነጠቀ፣ ፍል ውሃ ከምን እንደሚፈላ ለትውልድ አስተምሬአለሁ። ምድር ስትቃጠል ምን እንደምትሆን ጠንቅቄ እያወቅሁ፣ የሰው ክንድ ሲቃጠል ምን እንደሚሆን የገባኝ ግን ገና ዘንድሮ ነው። ያስተማረችኝ ሲፈን ናት።

ሲፈን የባለቤቴ የጽጌ የእህት ልጅ ናት። አባቷ የሁሩታ ገበሬ ነው፣ ስንዴውን እንጂ ዲግሪውን አይጠይቅም። ልጅቷ ለሁለተኛ ዲግሪ አዳማ ስትመጣ እኛ ቤት አረፈች። በስልክ ስታወራ በኦሮምኛ ሰላም ትላለች፣ በአማርኛ ትናደዳለች፣ በእንግሊዝኛ ትዘጋለች። የጥናቷ ነገር ሲተረጎም እንዲህ ነው፦ ቆዳ ሲቃጠል ለምን ውሃ ይቋጥራል፣ ቁስሉ እንዴት ይድናል፣ የባህል ቅባትስ ይረዳዋል ወይስ ዝም ብሎ ያቀማጥለዋል?

የባህል ቅባት ከተባለ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አጥራችንን ተጋርተው እማማ ወርቄ አሉ።

እማማ ወርቄን የማያውቅ የኛ ሰፈር ሰው አልተቃጠለም ማለት ነው። ከምንጃር በሙሽርነት መጥተው እዚህ ያረጁ፣ ወገባቸው ጎበጥ ያለ፣ ምላሳቸው ግን ቀጥ ያለ ሴት ናቸው። የቃጠሎ ቅባታቸውን ከአማታቸው ነው የተረከቡት። ቢጫ ነው፣ ማር ማር ይላል፣ በአሮጌ የቫዝሊን ብልቃጥ ይቀመጣል። ማሩን በአፍንጫችን ደርሰንበታል፤ ሌላ ምን እንዳለበት የሚያውቁት እሳቸውና ፈጣሪ ናቸው። ጭስ የሚያወጣው የሞተር ማርሚታ ባቱን የጠበሰው የባጃጅ ሹፌር፣ ዘይት የፈነጠቀባት ሳምቡሳ ጠባሽ፣ ብየዳ ጣቱን የላሰው የጋራዥ ልጅ፣ ሁሉም መጀመሪያ "ወይኔ!" ይላል፣ ቀጥሎ "እማማ ወርቄ!" ይላል። እሳቸውም ውሃ የቋጠረውን በሎሚ እሾህ ጠቅ አድርገው ያፈርጡታል፣ ቅባቱን ይቀቡታል፣ ከዚያ ይሳደባሉ። "ዓይንህን የት ጥለኸው ነው? ማርሚታ ትራስ መሰለህ?" ስድቡ ከሕክምናው አይነጠልም። በነጻ ነው ሁለቱም።

አንድ ሕግ ብቻ አላቸው። ቅባቱ ከረከሰ ነገር ጋር ከተነካካ ኃይሉ ይሄዳል። ይህንን እማማ ወርቄ አልፈጠሩትም፣ አገር ያወቀው ነው። የባህል መድኃኒት ሁሉ እንደ ትልቅ ቤት ሙሽራ ነው፤ ከማን ጋር እንደዋለ ይጠየቃል። ስቃችሁ ከሆነ ቆዩ፣ በኋላ አብረን እንስቃለን።

ሲፈን ሄዳ ጉልበታቸውን ስማ ቅባቱን ለጥናት ስትጠይቃቸው አብሬያት ነበርኩ። የማይነግሩትን ነገር ማንም እንዲጠይቃቸው አይወዱም። እሷ ግን "ከምን እንደተሠራ አልጠይቅዎትም፣ ይሠራ እንደሆነ ብቻ ነው የማየው" አለቻቸው። ይሄን ወደዱት።

"በምን ላይ ነው የምታዪው?"

"በእንስሳ ቆዳ ላይ፣ እማማ።"

"በጉን ከየት ታመጪዋለሽ? ከሞጆ?"

"አዎ፣ ከሞጆ" አለች። እውነቷን ነበር፤ ያን ቀን ሐሳቧ በግ ነበር። እሳቸውም "እንግዲያው በንጹህ እጅ ያዢው" ብለው አንድ ብልቃጥ ሰጧት።

ሞጆ ሄደች። ቆዳው በጨው ታሽቶ፣ ጸጉሩ ተመልጦ፣ ጫማ ለመሆን ቆርጦ የተነሳ ሆኖ አገኘችው። መዳን የሚፈልግ ቆዳ አልነበረም። ተመልሳ አይጥ ልሞክር አለች። እዚህ ላይ ጽጌ ሰምታ "አይጥ በዩኒቨርሲቲ ይታከማል፣ እኔ ጤና ጣቢያ ወረፋ እጠብቃለሁ!" ብላ አንድ ሳምንት አኮረፈች። አይጡም አልሆነም። ሲፈን ምሳ ላይ ስታስረዳኝ (ይቺ ልጅ ስለ ቁስል የምታወራው ሁልጊዜ ምሳ ላይ ነው) የአይጥ ቆዳ ልል ስለሆነ ቁስሉ እንደ ከረጢት አፍ ተሸብቦ ይዘጋል አለችኝ። የእኛ እንደዚያ አይደለም። የእኛ ቆዳ ከሥሩ ጋር ተጣብቆ የሚኖር ነው፤ ቁስሉን የሚሸፍነው ከዳር እስከ ዳር በዝግታ እየዳኸ ነው። የበጉ ደግሞ ጸጉሩ በዛ።

"ታዲያ የማን ቆዳ ነው የእኛን የሚመስለው?" አልኳት።

ግራ ቀኝ አየች። ጽጌ ጓሮ ነበረች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ነገረችኝ።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ምሳ እየበላችሁ የምታነቡ ትኖራላችሁ። ፍንጭ ልስጣችሁ። በእኛ ሰፈር የጾሙ ቀን አይገጥምም፣ የአምልኮው ሰዓት አይገጥምም፣ የምናርድበትም ቢላ ለየብቻ ነው። የጋራዡ ባለቤት ሐጂ ከድር በአንድ ነገር ከእኔዋ ጽጌ ጋር ይስማማሉ፤ በዚያው ነገር ቅዳሜ በሚመለክበት በኩየራ ሚሲዮን ግቢ ያደገው ጎረቤታችን ዳንኤል ከሁለቱም ጋር ይስማማል። ያ ነገር እሱ ነው። አይበሉትም፣ አያረቡትም፣ ስሙን ከጠሩ አፋቸውን ይጠርጋሉ። ሽማግሌ ያቃተውን እሱ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ አንድ አድርጎናል፣ ምስጋና ግን አላገኘም።

ቆዳው የእኛን ይመስላል! ጸጉሩ ሳሳ ያለ፣ ውፍረቱ የእኛን ያህል፣ አዳዳኑ እንደኛ። ክንዴን ገልጬ አየሁት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ተቀየምኩ። ስንት ዓመት መምህር የተባልኩበት ቆዳ ነው! በማግስቱ ጢሜን ስላጭ መስታወቱ ፊት ከወትሮው በላይ ቆየሁ። ደግነቱ ጽጌ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

ሲፈን ከቢሾፍቱ ወዲያ ለውጭ አገር ሰው ሆቴሎች የሚያረባ አንድ ሰው አገኘች። እሱ ለገበያ ካረደው ላይ ቁራጭ ቆዳ በበረዶ ሳጥን ይዛ በቀጥታ ወደ ላብራቶሪ ትገባ ጀመር። ከእኔ በኩል የነበረው መመሪያ አጭር ነው፤ "እቤቴ ደጃፍ እንዳታደርሺው!" አደረገችም አላደረገችም አላጣራሁም፤ ማጣራት አንዳንዴ ለቤት ሰላም ጥሩ አይደለም።

እዚያ ውስጥ የምታደርገውን ስትነግረኝ መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ቁራጩ ቆዳ ባለቤቱ ሞቶ እሱ አይሞትም። የሚመገበው ውሃ ውስጥ ተደርጎ፣ ሙቀት ባለው ሳጥን ሲቀመጥ ለቀናት በሕይወት ይሰነብታል። ሲያቃጥሉት ይቆስላል፣ ላዩን በአየር መምጠጫ ሲስቡት ውሃ ይቋጥራል፣ ሲተዉት መዳን ይጀምራል። ለማን እንደሚድን ሳያውቅ! ሲፈን አንዳንዱን በቫዝሊን፣ አንዳንዱን በእማማ ወርቄ ቅባት ቀባችው፤ አንዳንዱን ምንም ሳታደርግ ተወችው። ውሃ የቋጠረውን ግማሹን አፈረጠች፣ ግማሹን እንዳለ ተወችው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ለእማማ ወርቄ ማን ይንገራቸው?

"አንተ ንገራቸው ጋሼ፣ እኩያህ ናቸው" ትላለች ሲፈን። እኩያዬ! እኔ ሱሪ ስታጠቅ እሳቸው ልጅ ድረው ነበር። "አንቺ ንገሪያቸው፣ ጥናቱ ያንቺ ነው" እላለሁ። እንዲህ እየተገባበዝን ከረምን። ቀልዱ ደግሞ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ነገሩ ከታወቀ ቅባቱ ረከሰ ይባላል፣ ረከሰ ከተባለ የሚቀባው የለም። እማማ ወርቄ ልጆቻቸው ርቀው የሚኖሩ፣ ደጃቸው በሰው ከመሞላቱ በቀር ሌላ ደስታ የሌላቸው ሴት ናቸው። የተቃጠለ ሰው ካልመጣ ማን ይመጣላቸዋል? ይህንን ሳስብ ሆዴ ይባባል፤ ከዚያ ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ እተኛለሁ።

የዲፌንስ ቀን ደረሰ። ተማሪዋ ፈታኞች ፊት ቆማ ጥናቷን የምትከላከልበት ቀን ነው። ሲፈን "ቅባቱ የእሳቸው ነው፣ የክብር እንግዳዬ ናቸው፣ ከመግባታችን በፊት እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ" አለች። ጠዋት ግን ኮምፒውተሩ እምቢ አለ፣ ጫማዋ አጠበባት፣ ፈታኙ ቀድሞ ተገኘ። እማማ ወርቄ ጥለቱ የሚያበራ ነጠላቸውን ለብሰው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። በግራቸው ጽጌ፣ በቀኛቸው እኔ። ሁሉም በእንግሊዝኛ ስለሆነ አስተርጓሚያቸው ተደርጌ ተሾምኩ።

የዚያን ቀን ያወቅሁት ነገር ቢኖር የዓለም ዲፕሎማቶች እንጀራቸውን በላባቸው እንደሚበሉ ነው።

"ምን አለች?" ይሉኛል እማማ።

"ቆዳ ትልቅ ነገር ነው አለች።"

"እሱማ ነው። አሁንስ?"

"ቅባቱን የሰጡኝን እናት አመሰግናለሁ አለች።" ደስ አላቸው፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"በጉን ጠራችው?"

"እንስሳውን ጠራችው።"

"በግ አላለችም?"

"በሳይንስ ስሙ ነው የጠራችው፣ እማማ።" ይህም ውሸት አልነበረም። በእንግሊዝኛ ተጠርቷል፤ በእንግሊዝኛ ሲጠራ ማንንም አያስቀይምም። ሹራቤ ውስጥ ላቡ ሲወርድ ይሰማኛል። አንድ ገጽ ብቻ ይለፍ፣ ሠንጠረዡ ጋ ከደረስን ድነናል እያልኩ ሳለ፣ ሲፈን ቁልፏን ተጫነች፣ ግድግዳውም ላይ እሱ ራሱ ወጣ። ሮዝ፣ ወፍራም፣ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ደስ ያለው። ከጎኑ የሰው ክንድ ተስሏል። በመሃላቸው የእኩል ምልክት።

እዚህ ላይ አስተርጓሚ ምን ይሠራል?

"በስመ አብ!" አለች ጽጌ፣ አዳራሹ በሙሉ እስኪዞር። ሲፈን አፏን ከፍታ ቀረች። ፈታኙ መነጽሩን አወለቀ። እማማ ወርቄ ሥዕሉን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ እንደገና ሥዕሉን አዩት። ከዚያ በትራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። ጥለው ሊወጡ ነው ብዬ እኔም ተነሳሁ።

አልወጡም። "ጥያቄ አለኝ" አሉ።

ፈታኙ ሰው አክባሪ ነበርና "ይጠይቁ እናቴ" አለ።

"ዳነ ወይ?"

ሲፈን በአማርኛ መለሰች። "የሞተ ነው እማማ፣ ታርዶ ነው ቆዳው የመጣው። ቁስሉ ግን... አዎ፣ ዳነ። የእርስዎ ቅባት ከቫዝሊኑ ተሻለ።"

"ሞቶ ዳነ?"

"ቆዳው ሞቶ አልነበረም፣ እማማ።"

"ዝም በይ፣ ገብቶኛል። ሌላስ?"

"ሌላው..." ሲፈን ወደ እኔ አየች፣ እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። "ውሃ የቋጠረውን ካፈረጥነው ይልቅ ያላፈረጥነው ይሻላል። ከላይ ያለው ስስ ቆዳ ለቁስሉ ልብሱ ነው።"

እማማ ወርቄ የሎሚ እሾሃቸው በአደባባይ ሲሰበር ቆመው ሰሙ። ከዚያ ተቀመጡ። ሲፈን አለፈች፣ ተጨበጨበ፣ ኬክ ተቆረጠ። እሳቸው ኬክ አልበሉም። በባጃጅ ስንመለስ ሲፈን አጠገባቸው ተቀምጣ እንባዋን ስትጠርግ ዞር ሳይሉ የነጠላቸውን ጫፍ ሰጧት።

እናንተ ጽጌን አታውቋትም። ባለቤቴ ደግ ሴት ናት፤ ያወቀችውን ነገር ለብቻዋ መብላት አትወድም። አመሻሹ ላይ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። በሳምንቱ ነገሩ ክርክር ሆኖ ቆመ። አንዱ ወገን "ዩኒቨርሲቲ የሄደው አንድ ብልቃጥ ነው፣ ቤት የቀረው ምን በወጣው ይረክሳል?" ይላል። ሌላው፣ በጽጌ የሚመራው፣ "ቅባት አንድ ነው፣ ኃይሉም አንድ ነው፤ ከሄደ ሄደ" ይላል። ሐጂ ከድር ተጠይቀው "እኔ እንኳ በሌላ ሰው መድኃኒት አልፈርድም፣ የጋራዡን ልጆች ግን ለጊዜው ጤና ጣቢያ ሂዱ ብያለሁ" አሉ። ዳንኤልም የሚቃጠል ነገር ላለመንካት ወሰነ። እኔ ራሴ ለሁለቱም ወገን ራሴን ነቀነቅሁ፤ ጡረታ ለዚህ ነው የሚጠቅመው።

የእማማ ወርቄ ደጃፍ ጭር አለ። ጠዋት ወጥተው ይቀመጣሉ፣ ፀሐዩ ሲጠነክር ይገባሉ፣ ሲበርድ ይወጣሉ። ሰው በሩቅ "እንደምን ዋሉ" ብሎ ያልፋል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ባቱን ተቃጥሎ እያነከሰ ሲያልፍ ዓይተውት "ና!" ቢሉት "ደህና ነኝ እማማ፣ የቆየ ነው" ብሎ እርምጃውን አፈጠነ። ያን ቀን እኔም አፈርኩ። ሲፈንማ ሥራ ልፈልግ ብላ አዲስ አበባ ከመሄዷ በፊት ሦስቴ ሄዳ እግራቸው ላይ ወደቀች። "ተነሺ፣ ቀሚስሽ አቧራ ያዘ" ከማለት ውጪ አልመለሱላትም።

አንድ ከሰዓት በአጥሩ ላይ ጠሩኝ። "አንተ መምህር! ጽሑፍህ ያምራል አይደል? ሁለት ባዶ ብልቃጥና ወረቀት ይዘህ ና።"

ሄድኩ። የቅባቱ ድስት ፊታቸው ተቀምጧል፣ አሁን የተሠራ፣ ገና ትኩስ። "በአንዱ ላይ 'ያልነካው' ብለህ ጻፍ" አሉኝ። ማን ያልነካው እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ሁላችንም እናውቃለን። "በሁለተኛው ላይ 'በዩኒቨርሲቲ የተሞከረ' ብለህ ጻፍ።" ጻፍኩ፤ የዕድሜ ልክ የጥቁር ሰሌዳ እጄ አላሳፈረኝም። ከዚያ ማንኪያቸውን አንስተው ከድስቱ ለአንዱ ሞሉ። ከዚያው ድስት ለሌላውም ሞሉ።

"እማማ፣ ከአንድ ድስት እኮ ነው!"

"ስንት ድስት እንዲኖረኝ ፈለግህ?"

"ማለቴ... ውሸት አይሆንም?"

"የቱ ነው ውሸቱ? ይሄን ነክቶታል?" አልነካውም። "ይሄስ አልተሞከረም?" ተሞክሯል። አሰብኩት፣ ገለበጥኩት፤ ሁለቱም ወረቀት ለሁለቱም ብልቃጥ እውነት ነው። ስንት ዓመት ፈተና ሳርም እንዲህ ያለ መልስ አጋጥሞኝ አያውቅም። "ሰው ፍርሃቱ ለየቅል ነው" አሉ ክዳኑን እያጠበቁ፣ "እኔ ደግሞ ደጄ ጭር ሲል አልወድም።"

ብልቃጦቹን ደጃፍ ላይ፣ ለአላፊ አግዳሚ በሚታይ በርጩማ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። መጀመሪያ የመጡት የሰፈሩ እናቶች ናቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው፤ "ካልነካው፣ እማማ"። ቀጥሎ የጋራዡ ልጆች መጡ፤ "እኛ ከተሞከረው ነው የምንፈልገው፣ ባህላዊ ነገር አናምንም!" አሉ። የባጃጅ ሹፌሮችማ ስም አወጡለት፤ "የሞተ ያዳነው" ይሉታል። ትንሽ ሰንበት ብሎ ሰፈሩ በአዲስ ጉዳይ ተከፈለ፤ ያልነካው ይሻላል ወይስ የተሞከረው? ጽጌ ለማኅበር ሳምቡሳ ስትጠብስ ዘይት ክንዷን ጠበሳት። ሮጣ ሄዳ ካልነካው ተቀብታ ዳነች። ይኸው እስከዛሬ ክንዷን እየገለጠች "እዩት፣ ጠባሳ እንኳ የለውም! ያንን ቢቀቡኝ ኖሮ!" እያለች ትከራከራለች። የጋራዡ ልጅ ደግሞ በዚያው ሳምንት ተቃጥሎ ከተሞከረው ተቀብቶ የዳነ ጣቱን ይዞ ይከራከራታል። እኔ በመሃል ሻዬን እጠጣለሁ። ለትዳርም ለሰፈርም ሰላም ስል አፌን ዘግቻለሁ፤ አሁንም ለእናንተ የነገርኳችሁ ጽጌ ወግ እንደማታነብ ስለማውቅ ነው።

እሾሁስ? አትጠይቁኝ። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ክንዷ ውሃ ቋጥሮ መጥታ "አያፈርጡልኝም?" ስትላቸው በጆሮዬ ሰማሁ። እማማ ወርቄ በቁጣ ብድግ አሉ፤ "ማፍረጥ! እንዴት ያለ ድፍረት ነው! አማቴ ነፍሷን ይማርና ያፈረጠን ሰው በበትር ነበር የምታባርረው። ልብሱ እኮ ነው ለቁስሉ!" አጥሩ ዳር ቆሜ ነበር። አዩኝ። አየኋቸው። ስለ አየሩ ሁኔታ አወራን።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ሁሉንም የማውቅ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ድስቱን አይቻለሁ፣ ወረቀቱን በእጄ ጽፌአለሁ፣ ዲፌንሱን ቁጭ ብዬ ተርጉሜአለሁ። በሰፈሩ ሞኝነት ውስጥ ውስጡን ስስቅ ከረምኩ። እንዲህ ሲስቅ የሚከርም ሰው መጨረሻው አያምርም።

ባለፈው ሰሞን የሻይ ማንቆርቆሪያው እጀታ ተላቀቀና የፈላው ውሃ ጣቶቼ ላይ ተገለበጠ። "ወይኔ!" አልኩ፤ ቀጥዬ "እማማ ወርቄ!" አልኩ። እጄን እያራገፍኩ በአጥሩ ተሻግሬ ደጃፋቸው ደረስኩ። አዩት፣ ቀዝቃዛ ውሃ አስነከሩኝ፣ "ዓይንህን የት ጥለኸው ነው? ይሄ ሁሉ ትምህርት ማንቆርቆሪያ መያዝ አላስተማረህም?" ብለው ሰደቡኝ። ሕመሙ ግማሹ በስድቡ ወጣ። ከዚያ ሁለቱን ብልቃጦች ፊቴ አስቀምጠው በትንንሽ ዓይኖቻቸው ትክ ብለው አዩኝ።

"ከየትኛው ልቀባህ?"

መልሱ ቀላል ነው። ከአንድ ድስት ነው። እኔ ዓይቻለሁ። የተማርኩ ሰው ነኝ። እንዲህ አስቤ አፌን ስከፍት ግን ያ ሮዝ ፍጥረት በግድግዳው ላይ፣ ከክንዱ ጎን፣ ከእኩል ምልክቱ ጋር መጣብኝ።

"ካ... ካልነካው ይሁንልኝ፣ እማማ።"

አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ያልነካውን ብልቃጥ አንስተው ዘቀዘቁት፤ ባዶ ነው። "ይሄ አልቋል" አሉ። ከዚያ የተሞከረውን ከፈቱና፣ ዓይን ዓይኔን እያዩኝ፣ በማንኪያ ከእሱ ጭልፍ አድርገው ባልነካው ብልቃጥ ውስጥ ጨመሩት። በጣታቸው ካልነካው አወጡና ቀቡኝ።

እኔም እፎይ አልኩ። ወዲያው ነው በረድ ያለልኝ።